አውቶቡስ የማይሄድበት ከተማ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሣብሽ ወገብሽስ? እማዬ በደንብ ትበላለች? እንቅልፍስ ይወስዳታል? ባለቤትሽ ጋሼ ከነቀልዱ አለ? ልጅሽ ድምቡሼ ጥርስ አወጣች ብለሽኝ ነበር፤ ሰው መንከስ ጀመረች ወይስ ገና ናት? እኔን የጠየቅሽ እንደሆነ፣ ዛሬ በአጭሩ አልመልስልሽም። አረፍ ብለሽ አንብቢው።

እማዬ ቤት ስላለው ክፍሌ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። አንድ መምህር ሊከራየው መጥቶ እንዳየው፣ እማዬም ቤት ሰው ካልገባበት ያረጃል እንዳለች ጽፈሽልኛል። ቁርጡን ንገረን ባልሽኝ ቁጥር፣ እኔ ደህና ነኝ፣ እንደፈቀዳችሁ አድርጉ እያልኩ ስመልስ ከረምኩ። ዛሬ ቁርጡን እነግርሻለሁ፤ ግን መጀመሪያ ሥራ ቦታ የገጠመኝን ስሚኝ።

እማዬ ሥራው ምንድን ነው ስትልሽ፣ ኮምፒውተር ይጠግናል ብለሽ እንደምትገላገያት አውቃለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ አውቶቡስ ድርጅት ድረ ገጽ ነው የምሠራው። ሰው በስልኩ ሲከፍተው አንዱ ትኬት ይፈልጋል፣ አንዱ የመነሻ ሰዓት፣ አንዱ ደግሞ መኪና ላይ የረሳውን ዕቃ። ጥያቄውን ተቀብላ ወደየገጹ የምትመራ፣ ጃቫስክሪፕት በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈች፣ ላይብረሪ የሚሏት አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለችን፤ የግቢ ዘበኛ በያት። የትኛው ጥያቄ ወዴት እንደሚሄድ በመስመር በመስመር እጽፍላታለሁ። እሷ ከላይ ወደ ታች ታነብና መጀመሪያ ለገጠማት መስመር ጥያቄውን ታስረክባለች፤ ከዚያ በታች ያለውን ዞር ብላ አታይም። በግትርነት ጋሼን ነው የምትመስለኝ፤ ይቺን እንዳታነቢለት።

ሰሞኑን አለቃዬ እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ገጽ ይኑረው አለኝ። እኔም ከድረ ገጻችን አድራሻ ቀጥሎ የሚመጣ ማንኛውም ቃል የከተማ ስም ነው የምትል መስመር ጻፍኩና ከሁሉ በላይ አስቀመጥኳት። ከታች ነበር መሆን የነበረባት። ከተሞቹን ስሞክራቸው ሁሉም ተከፈቱልኝ፤ እኔም እጄን አጨብጭቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ትኬቱና ሰዓቱ አድራሻቸው ቀንና መንገድ ጨምሮ ረዘም ስለሚል የከተማ ስም አልመሰሏትም፤ ተረፉ። የጠፋ ዕቃ የሚፈልገውን ሰው ግን ዘበኛዋ «የጠፋ ዕቃ ወደሚባል ከተማ አውቶቡስ የለንም፤ ስለጠየቁን እናመሰግናለን» እያለች ትመልሰው ጀመር። ሁሉም መልስ አግኝቶ ስለሄደ ኮምፒውተሩም ሰላም ነው ይለኛል።

ቢሯችን ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የፊት ለፊቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው የምታሳየው። አለቃዬም፣ ገጾቹን በቀለም የምታሳምረው ልጅም ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ይውላሉ፤ አጠገቤ ተቀምጠው እንኳ በጽሑፍ ነው የሚያናግሩኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ቤት ስገባ ደግሞ ጎረቤቴ ሲበላ የማንኪያውን ድምፅ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ መልኩን ግን አላውቀውም። አንድም ቃል ከአፌ ሳይወጣ የሚመሽበት ቀን አለ፣ እትዬ። ብቸኝነት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ሐሙስ ዕለት ስልክ ተቀባይዋ ለምሳ ወጥታ ሳለ ስልኩ ጮኸ፤ አነሣሁት። አንዲት አሮጊት ናቸው። ልጄ፣ እኔ ከተማ አልጠየቅኩም፣ ሻንጣዬን ነው አሉኝ። ሻንጣው ውስጥ የሟች ባለቤታቸው ሹራብ ነበረበት፤ ደጋግመው ቢጠይቁ ያው «አውቶቡስ የለንም» የሚል መልስ ነው። የት ጋ እንደተሳሳትኩ ወዲያው ገባኝ። እሳቸውን በስልክ ይዤ ያቺን መስመር ወደ ታች አወረድኳት። ገጹ ተከፈተ፤ ሻንጣቸው ዕቃ ክፍል ተቀምጧል። ምርቃታቸውን አዥጎደጎዱልኝ።

ጉዳያቸው አልቋል፤ እኔ ግን ስልኩን መዝጋት አልቻልኩም። ሹራቡ ምን ዓይነት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ክርኑ ሁለቴ ተጥፏል፣ ልጥለው ባልኩ ቁጥር ባለቤቴ እንደ ሕፃን ያኮርፉ ነበር እያሉ ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አንተስ ከማን ጋር ነው የምትኖረው አሉኝ። ደህና ነኝ አልኳቸው። እሱን እኮ አልጠየቅኩህም ልጄ አሉኝ።

ማታ ቤት ስገባ ያንቺን ደብዳቤዎች አውጥቼ አነበብኩ። አንቺም ስለ ክፍሉ ስትጠይቂኝ የመለስኩልሽ ይኸንኑ ነው። እንደፈቀዳችሁ ማለቴ ስለማይገደኝ አልነበረም። አታከራዩት ብል፣ ታዲያ መቼ ትመጣለህ ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ቀኑን ዛሬም አላውቀውም። ግን እዚህ በማንም በር ስገባ እንግዳ ነኝ፤ ያቺ በር ለሌላ ሰው ከተሰጠች፣ ሳላንኳኳ የምገባበት ቤት አይኖረኝም። መምጣት እፈልጋለሁ እትዬ። ይኸው፣ አልኩት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ኮምፒውተር መጠገኑን ተዪውና ሰው መንገድ አሳያለሁ በያት። ጋሼን ቀልዱን ለእኔም ያስቀምጥልኝ በይው። የድምቡሼን ጉንጭ ሳሚልኝ፣ ጣትሽን ግን ጠብቂ። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን እንዴት ነህ በይልኝ። ለመምህሩም የከበረ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ደግ ሰው ይመስላል፣ ሌላ ቤት አፈላልጉለት። ያ ክፍል ሰው አለው በይው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ
የካቲት ፲፩ ቀን