ለፖላንዱ ገበሬ የሰጠኸው አውራ ጣቴ

ውድ ተስፋጽዮን፣

አትላንታ ካለ አበሻ ሁሉ ፈጥኖ የሚያነብ እኔ ነኝ። እሺ፣ ሁሉ ያልኩት ይቅር፤ ከማታ ትምህርት ክፍላችን ማለቴ ነው። እሱም ሸዋነሽ መነጽሯን ረስታ የመጣች ቀን።

በስልሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል መቁጠሬን ሰምተህ እንደሳቅክ የመጋዘኑ ባልደረባችን ፍሬው ነግሮኛል። ሳቅ። መጀመሪያ ያነበብኩት መጽሐፍ ያንተ መሆኑን ግን አልነገረህም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ደንዉዲ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ያስመረቅከውን ማለቴ ነው፤ ፖላንድ ስትማር ስሙን የሰማኸውን የገበሬዎች መሪ፣ የቮይቴክን ታሪክ። ከእርሻ ተነስቶ ፓርላማ የገባ፣ ታስሮ የተፈታ፣ በስደት ሆኖ ሕይወቱን የጻፈ ሰው። አንዱን "ለወንድሜ ለሳህሌ" ብለህ ፈርመህ ሰጠኸኝ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቁሜው ጓደኛዬ ደራሲ ነው እያልኩ ለመጣ እንግዳ ሁሉ አሳይ ነበር፤ ግማሹን ጊዜ ዘቅዝቄ። እንደማላነበው ታውቅ ነበር። አሁን ሳስበው፣ የሰጠኸኝም ለዚያ ነው።

መምህራችን ሶስና ከቤት መጽሐፍ አምጥታችሁ ለክፍሉ አንብቡ አለችን። ያንተን ይዤ ኮራ ብዬ ቆምኩ። ገጽ አርባ ሰባት። ቮይቴክ በሬውን ይጠምዳል። የበሬው ስም ዳለቻ፤ የእኔ በሬ ስም። ፖላንድ ውስጥ፣ በረዶ መሃል፣ ዳለቻ። ስሙን ለመቀየር እንኳ አልደከምክም። ቀጥሎ አባቱ ሊሞት ሲል የተናዘዘው አለ፤ የእኔ አባት ቃል ነው። ከዚያ ሹማምንቱ መሬቱን በፈቃዱ ለቀቀ የሚል ወረቀት ይዘው መጡ። ቮይቴክም "አውራ ጣቴ የመሬቴ ናት፤ ወረቀቱ ሳይነበብልኝ አላበድራትም" አላቸው።

ሸዋነሽ ብድግ ብላ፣ "ሳህሌ፣ ይሄማ ያንተ ታሪክ አይደል እንዴ?" አለች። ገና ደስ ሊለኝ ስል ያ ምኞት የሚባለው ወጣት፣ "ጋሽ ሳህሌ ለካ ከመጽሐፍ እየቀዱ ነው የሚያወሩን" ብሎ ክፍሉን አሳቀው። በገዛ ሕይወቴ ሌባ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰፈራችን ከስማይርና ኮንየርስ ወዳለው መጋዘን ለሥራ በመኪናህ ስንመላለስ ያወራሁልህ ነው። እኔ አፌን ስከፍት ሬዲዮውን ዝቅ ታደርግ ነበር። ፍቅር መስሎኝ።

በነጋታው መጋዘኑ ፓርኪንግ ላይ ጠየቅኩህ። ቁልፍህን እያሽከረከርክ ምን አልከኝ?

"ሳህሌ፣ ያንተን ታሪክ ማን ያነባል? የፈረንጅ ስም ሲይዝ ነው ሰው የሚሰማው።"

ያን ቀን መኪናህ ውስጥ አልገባሁም። አሁን ከፍሬው ጋር ነው የምሄደው። እሱ ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል።

እሑድ እንመረቃለን። የክብር እንግዳው አንተ ነህ አሉ፤ እንዲያነብ የተመረጠው ደግሞ እኔ። ገጽ አርባ ሰባትን አንብቤ ይህ የእኔ ነው ልል ነበር። ፊትህን እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ ሰነበትኩ። ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለማመድ አንድ ቦታ ላይ ምላሴ ያዘኝ። ስለዚህ የማነበው ይህን ደብዳቤ ነው። ቀድሞ እንዲደርስህ የላክሁልህ፣ አንተ እኔን እንዳደረግከኝ ሰው ፊት ድንገት እንዳላደርግህ ነው። ልትቀርም ትችላለህ።

ዳለቻ እውነት ነው። የአባቴም ቃል እውነት ነው። መጽሐፍህ ዳግመኛ ሲታተም ሁለቱን በስማችን ትመልስልናለህ። የአውራ ጣቱን ነገር ግን ለቮይቴክ ተውለት፤ እሱ ብሎት ይሆናል።

ላንተም ለክፍሉም ብያለሁ ብዬ አወራሁ እንጂ እኔ አላልኩም። የመሬታችን ወረቀት የመጣ ቀን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበርኩ፤ አርባ አባወራ ከኋላዬ ቆሟል። ሹሙ ወረቀቱን ዘርግቶ ቀለሙን አቀረበልኝ። ምን ይላል ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የወጣኝ ቀልድ ነው። ሁሉም ሳቁ። እነሱ እየሳቁ አውራ ጣቴን አተምኩ።

ወንድምህ የነበርኩት፣
ሳህሌ፤ በብዕር