አርባ አንድ ቁጥር ታኬታ

ጥቅምት 9 ቀን 2003

ወፍጮ ቤት ዋልኩ። ሰው ማሽላውን ሳያበጥር ያመጣና «ዱቄቱ ጠጠር አለው» ይለኛል። ጠጠር አምጥቶ ምን ሊወስድ ኖሯል?

ከሰዓት ሙሐመድአሚን መጣ። የጤና ቡድኑ አምበል። ሆዱ ቀድሞት ገባ፣ እሱ ተከተለ። ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ ወፍጮ ቤት!

«አያ ዩሱፍ፣ የአረፋ ማግስት ከባቲዎች ጋር ግጥሚያ አለን። ቀኝ ክንፍ የለንም።»

ጤና ቡድን ይሉታል። እሁድ ሁለት ዙር ሮጠው ሦስት ሰሃን ፉል የሚበሉ ሰዎች... ይሄ ነው ጤናው።

«ዓዲላ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆነ» አለኝ ሲወጣ። «ከወፍጮና ከመስጊድ ሌላ መንገድ ጠፋህ?»

የሚስቴ ነገር እሱን ምን አገባው? አልሄድም።

መግሪብ ስሰግድ ግን ልቤ ሜዳ ላይ ነበረች። አስተግፊሩላህ።

ጥቅምት 11

ጠዋት ወፍጮ ሳልከፍት ጀይሉ ሱቅ ሄድኩ። ልባሽ ጫማ ሻጭ ነው፤ በቡድኑም ተከላካይ። እግሩ እግር አይደለም፣ ገበቴ ነው።

«አካም ጅርታ፣ አያ! ስንት ቁጥር?»

«አርባ አንድ።»

«ላኪ፣ አይደለም! ወላሂ አርባ አንድ አትመስልም። ይቺን ነጯን አርባ ሦስት ሞክራት።»

«ሰውን ሁሉ በራስህ እግር ትለካለህ እንዴ?»

ሳቀ። ሲሰድቡት የሚስቅ ሰው ምን ይደረጋል? ነጯ ደግሞ የወርቅ መስመር አላት። የሙሽራ ጫማ!

ለትምህርት ቤት ስጫወት አርባ አንድ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ጫማ ገዝቼ አላውቅም። ዓዲላ ታመጣለች፣ እኔ አደርጋለሁ። እስካሁንም እሷ ያመጣችልኝን ጥቁሯን ነው የማደርገው። ቢሆንስ... ሰው በሃምሳ ሦስት ዓመቱ እግሩ ያድጋል?

ጥቁሯን አርባ አንድ ታኬታ በባዶ እግሬ ለካኋት። ጠበቅ አለች። «ቆዳ ናት፣ ትሰፋለች» አልኩት። ሻጩ ሊለኝ የሚገባውን እኔው አልኩለት!

ጥቅምት 14

ልምምድ። ሙሐመድአሚን ፊሽካ ከመንፋት በቀር የሚችለው የለም። ጀይሉ ሲሮጥ ለሜዳው አዘንኩ። ሁለቴ ኳስ አሻገርኩ፣ ሁለቴም የሚደርስባት ጠፋ።

አውራ ጣቴ ነደደች። ሜዳው ነው። ካልሲውም ወፍራም ነው።

ጥቅምት 15

ታኬታዋን በእርጥብ ማሽላ ሞላኋት። እህል ሲያብጥ ቆዳ ይለጥጣል። የወፍጮ ሰው ብልሃት። ይሄን ጀይሉ ከየት ያውቃል?

ጥቅምት 19

ረስቻት ኖሯል። ሽታው ነው ያስታወሰኝ። ማሽላው በቅሏል! ነጭ ነጭ ሥር አውጥቶ በማሰሪያው ቀዳዳ ብቅ ብሏል።

ደጅ ላይ ሳራግፈው የጎረቤቴ ሚስት መሊካ አየችኝ።

«አያ ዩሱፍ፣ ሱብሃነላህ! ብቅል ነው? ያውም በጫማ?»

እስከ ዙሁር ከተማው ሰምቶታል። ጀይሉ በወፍጮ ቤቱ በር ሲያልፍ «አያ፣ የግራዋ ደረሰች ወይስ የቀኟ?» ብሎ ጮኸ። ባለጌ።

ታኬታዋ እንደሆን ያው ናት። አንዲት ክር አልሰፋችም።

ጥቅምት 28

የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። በልምምድ ግጥሚያው ሁለተኛ አጋማሽ እያነከስኩ ወጣሁ።

«ካመመህ አረፍ በል፣ ቶፊቅ ይገባል» አለ ሙሐመድአሚን።

ቶፊቅ! በግራ እግሩና በቀኝ እግሩ መካከል ያለውን ልዩነት ያልደረሰበት ቶፊቅ!

«እስከ አረፋ ይሻለኛል» አልኩት። ካልተሻለኝስ? ቤት ቁጭ ብዬ የእነሱን ጩኸት ልሰማ? ዓይኔ ሜዳውን ካየ በኋላ እንደ በፊቱ መቀመጥ አልችልም። ይሄንን ለማንም አልነገርኩም።

ጥቅምት 29

ውዱ ሳደርግ ውሃው ጥፍሬን ሲነካ ጥርሴን እነክሳለሁ። በቀን አምስት ጊዜ እግሬ ትከሰኛለች። በምን? በቁጥር? ወይስ በኩራት?

ኅዳር 3

ጁምዓ ሰግጄ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ወፍጮ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ጀይሉ መጣ።

«አያ፣ ጫማዬን ይዘህብኝ ሄድክ እኮ። ያንተን አድርጌ ነው የዋልኩት።»

ዝቅ ብዬ አየሁ። እውነትም የሱ ናት! ቀለሟ ጥቁር እንደኔዋ፣ ዘለበቷ ግን ሌላ። ይህን ሁሉ ሰዓት ቆሜባት ውዬ አልጠበበችኝ፣ አልሰፋችኝ... እንዴት አላወቅኩም?

አውልቄ ገለበጥኳት። አርባ ሦስት። የኔን ገለበጥኩ፣ ሶሏ ተበልቶ ቁጥር የለም። ጎን ለጎን አቆምኳቸው። እኩል።

ጀይሉ የራሱን አድርጎ ሄደ። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

ገበቴ ያልኩት የራሴን እግር ኖሯል።

ኅዳር 5

ልጄ ዓፊያ ለአረፋ ከጨፋ ሮቢት መጣች። ጥፍሬን አይታ ጮኸች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ብቅሉን ጭምር። ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አባ፣ እማ መቼ በቁጥር ገዝታ ታውቃለች?»

ከመግሪብ በኋላ እግሬን ስዘረጋ ዓዲላ ስንደዶ መዛ ትለካኝ ነበር። እኔ ሬዲዮ እየሰማሁ። ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት፣ በላዩ አንድ ጣት ጨምራ ትቆርጠዋለች። ገበያ ስትሄድ ዓፊያ አብራት ነበረች፤ ስንደዶውን ጫማው ውስጥ እየከተተች ነጋዴውን ምን ትለው እንደነበር ነገረችኝ።

«ይቺ የማታ እግሩ ናት። ቆሞ የዋለ ሰው እግር ናት።»

እኔ ጠዋት ለካሁ። በባዶ እግር። ቆሜ ሳልውል።

ዓፊያ እንደ እናቷ ለካችኝ። ቀና ብላ እንዳታየኝ ፈለግኩ።

ኅዳር 6

ማታ፣ ከወፍጮ በቀጥታ፣ ወፍራም ካልሲ አድርጌ፣ ስንደዶውን በኪሴ ይዤ። የቀረችው የሙሽራዋ ነጭ ናት። ስንደዶው ልክ ገባ። ቆምኩ፣ ጉልበቴን አጠፍኩ፣ ጣቶቼ ተንቀሳቀሱ። አልሐምዱሊላህ።

ጥቁሯን አርባ አንድ ታኬታ መለስኩለት። «አንዴ በቅሎባታል ብለህ ሽጣት» አልኩት።

ልኬ የሆነች ጫማ ራሴ ስገዛ... ይቺ የመጀመሪያዬ መሆኗ ነው።

ኅዳር 8

ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። የባቲ በረኛ ሆዱ ከሙሐመድአሚን ይብሳል፤ እሱ ላይ ነው ማግባት ያቃተን። ሙሐመድአሚን ከእረፍት በፊት ተቀየረ፣ ቶፊቅ ገብቶ ወደ ራሳችን ጎል ሮጠ። አልተለወጡም። የኔም አፍ ገና አልተለወጠም፣ አላህ ይርዳኝ።

እኔ ግን እስከ መጨረሻው ፊሽካ ሜዳ ላይ ነበርኩ። አንዷን ከቀኝ መስመር አሻገርኩ፣ ጀይሉ በሆዱ አገባት። በሆዱ! አቀፈኝ። ላቡ ሸተተኝ፣ ግን አልገፋሁትም።

መስጊድ ለውዱ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ውሃው ጥፍሬ ላይ ወረደ፣ ከሥሩ አዲስ እየመጣ ነው። እግሬንና እግሩን አየሁ።

«አያ» አለኝ ጀይሉ፣ «ጥቁሯ ጫማህ ላይ ምልክት አድርግባት። ሌላ ጁምዓ ደግሞ የኔን ይዘህ እንዳትሄድ።»

«ብሄድስ?» አልኩት። «ልኬ ናት።»