በፍሬም የተሰቀለው ስህተት

ህዳር 3

የድሮዊንግ ክፍል። ዛሬም የእንጨት ቁራጭ... ከፊት፣ ከላይ፣ ከጎን እያዩ መሳል። መምህሩን «ላጲስ» እንለዋለን፤ ከአፉ የሚወጣው «አጥፉት!» ብቻ ነው።

ቤት ስገባ የአጎቴ ልጅ ባዶ ወረቀቱን ይዞ ይጠብቀኛል። የምንማረው አንድ ክፍል ነው። «እህትዬ፣ እጅሽ እኮ ወርቅ ነው!» እህትዬ የምሆነው ሲቸግረው ነው። የእሱን አስቀድሜ ሠራሁለት፣ ጽድት አድርጌ። የራሴ ላይ ስደርስ ደከመኝ... ወረቀቱ በእርሳስ ጨቀየ።

ህዳር 7

ላጲስ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የጎኑን እይታ ሁለቱም ላይ በተሳሳተ በኩል አስቀምጬዋለሁ።

«ሁለት ሰው እንዲህ አንድ ዓይነት ይሳሳታል?» የጨቀየውን አነሳ። የኔን። «የገለበጥሽው አንቺ ነሽ። ዜሮ! ከደገምሽው ከኮርሱ ትወጫለሽ።»

የአጎቴ ልጅ ጫማውን ያያል። እኔስ? ወረቀቴን አጣጥፌ ቦርሳዬ ከተትኩት። የምኖረው እነሱ ቤት ስለሆነ?

ህዳር 12

የአጎቴ ሚስት የልጇን ወረቀት፣ ላጲስ ከሰጠው ጥሩ ውጤት ጋር፣ ፍሬም አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው። አጎቴ፦ «ከወንድምሽ ተማሪ እንጂ!»

ከሥሩ ቁጭ ብዬ በላሁ። ስህተቴ ከመስታወት ውስጥ ቁልቁል ያየኛል።

ህዳር 18

አዲስ ሥራ ተሰጠን። የአጎቴ ልጅ ባዶ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ብያዝስ?» አልኩት።

«እኔን ማን ይጠረጥረኛል?» ሳቀ።

«ቁጭ በል፣ አሳይሃለሁ። መሳሉን ግን ራስህ።»

ፊቱ ጠቆረ። የአጎቴ ሚስት ከማጀት፦ «አስጠግተናት ደግሞ ትኮራብናለች!»

በሬን ዘጋሁ። የራሴን ብቻ ሠራሁ።

ህዳር 22

የእሱ ወረቀት ጉድ ነው፤ መስመሩ ሁሉ ጠማማ። ላጲስ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። «ምነው ጎበዙ፣ አሞህ ነበር እንዴ?» ወደ እኔ ዞረ። «ይሄንንስ ከማን ገለበጥሽው?»

ንጹህ መሆኑ ወንጀል ሆነ...

«ከማንም። የባለፈውንም ሁለቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። እንጨት ይስጡንና እዚሁ እንሳል።» የማን ድምፅ ነበር? የኔ?

ሰጠን። እኔ ሳልኩ። የአጎቴ ልጅ እንጨቱን እያገላበጠ ቀረ።

ላጲስ ይቅርታ አላለኝም። «ለሰው መሥራትም ዜሮ ነው» አለ። ለአዲሱ ሙሉ ሰጠኝ፤ የድሮዋ ዜሮ ግን እንዳለች ናት።

ቤት ስገባ ፍሬሙ ወርዷል። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል። የአጎቴ ልጅ ቀድሞኝ ደርሶ ነግሯቸዋል ማለት ነው... ምን ብሎ ይሆን? ሳህኖቹ ታጥበው ተደርድረዋል።

ሳይጠሩኝ በልተዋል።