ትልቁን ፒክአፕ በትንሽ ስለ መለወጤ

ይድረስ ለልጄ ለጃኔል፤ ከነቤተሰብሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔን የጌታ ምሕረት አልተለየኝም። በቆሎውም በሰላም ተሰብስቧል።

ትልቁን ፒክአፕ ሸጬ ትንሽ ገዛሁ። ላሞቹ ከሄዱ ወዲህ ምን ልጭንበት? አዲሷ ዝቅ ስለምትል የመንገዱ ነጭ መስመር ቀረብ ብሎ ይታየኛል።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። ድሮ በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ ጣቱን ከመሪው አንስቶ ሰላም ይለኝ ነበር፤ አሁን ዝም ብሎ ያልፋል። ለካ የሚያውቁት መኪናዬን ኖሯል? ወይስ እኔው ኮርቼባቸው ነበር? እያልኩ ራሴን መረመርኩ። ስለዚህ አሁን ለሁሉም ቀድሜ ጣቴን አነሳለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጎረቤታችን ቨርነን፣ “አንተ ሽማግሌ፣ ትናንት እኮ ለቆመ ባዶ ትራክተር ሰላምታ ሰጠህ! መለሰልህ?” ብሎ ሰው አሳቀብኝ።

“ካንተ እሱ ይሻላል፣ አፍ የለውም” አልኩትና አብሬ ሳቅሁ። እኔ ግን ሰው ተቀምጦበት አይቼ ነበር።

መንጃ ፈቃዴ የሚታደሰው በመጪው ወር ነው፤ የዓይን ምርመራም አለው። ለምስጋና በዓል ቀደም ብለሽ ነይና መኪናዋን አንቺ ንጂልኝ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አርባ ዓመት ከጎኔ ተቀምጣ ምን ታይ እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ልጆቹን ሳሚልኝ። እሱ በመንገድሽ ሁሉ ይጠብቅሽ።

አባትሽ ኤልደን