ከጆሮህ ላይ ያነሱት ድምፅ

ይድረስ ለአባዬ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከተለየኸን ይኸው አምስተኛው ረመዳን አለፈ። እኛ ደህና ነን፣ እማዬም ደህና ናት። የምጽፍልህ ግን ይህን ልነግርህ ብቻ አይደለም። ተናድጃለሁ። አልቅሼ የሚወጣልኝ መስሎኝ ነበር፣ አልወጣልኝም።

ቡታጅራ ተለውጣለች። አንተ በርበሬ ጭነህ አቧራ ለብሰህ የምትመጣበት መንገድ አስፋልት ሆኗል፣ ጋሪዎቹንም ባጃጅ እየተካቸው ነው። መጋዘንህን እኔ ይዤዋለሁ። በርበሬው እስካሁን ያስነጥሰኛል፣ ደንበኞችህም የነጋዴ ልጅ ሆና አልለመደችውም እያሉ ይስቁብኛል። ወንድምህ አጎቴ ሸምሱ ሞባይል ገዝቶ መስጊድ ውስጥ ሲጮህበት ኢማሙ ተቆጥተውታል። እሱን የሚቆጣ ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኛል።

ያን የሆስፒታል ጠዋት መቼም አትረሳውም። ቡአህ ብሶብህ፣ ሐኪሙ አንጀትህ ሳይታነቅ በቀዶ ጥገና ይስተካከል ብሎ ነበር። አንተ ግን ቢላዋ የሚለውን ቃል ከሰማህ ወዲህ እህል አልወርድልህ አለ። ሲስተር ብርቄ ሙቀትህን ልትለካ መጥታ ዓይንህን ከበሩ ላይ እንዳልነቀልክ አየች። ሄዳ አንድ ትንሽ ቴፕ ከነማዳመጫው ይዛ ተመለሰች። ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ቀዶ ጥገና የሚፈራ ሰው እንዲረጋጋበት ትተውት የሄዱት ነው። ማዳመጫውን ከነኮፍያህ ጆሮህ ላይ ደፋችልህ።

መጀመሪያ የሚፈስ ውሃ ይሰማል፣ ቀጥሎ ረጋ ብላ የምታወራ ሴት። ትከሻህን ልቀቀው፣ በረጅሙ ተንፍስ፣ የምታርፍበትን ቦታ አስብ ትላለች። «ይቺ ሴትዮ ሥራ የላትም እንዴ?» ብለህ ጮህክ። ማዳመጫ ያደረገ ሰው ድምፁ አይታወቀውምና ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ትንሽ ቆይተህ እንዳለችህ በረጅሙ መተንፈስ ጀመርክ። የት ደረስክ ስልህ አንዱን ጆሮህን ገለጥ አድርገህ፣ እንሴኖ ቤታችን ነኝ፣ በርበሬው ደጅ ላይ ተሰጥቶ ጥላ ሥር ሆኜ ዶሮ እያባረርኩ ነው አልከኝ። ከዚያ ዓይንህ ተከደነ፣ ትከሻህም ወረደ። ከዚያ በፊት ትከሻህ ወርዶ አይቼው አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ነው አይሱዙው የደረሰው።

ሸምሱ የእንሴኖን ሰው ግማሹን ጭኖ መጣ። የታመመ መጠየቅ ወግ ነው፣ ዘበኛውም ወገን ናቸው ብሎ በሩን ለቀቀላቸው። እነሱ ግን ሊጠይቁህ አልነበረም የመጡት። ሐጅ ለሚሄድ ወይም ነፍሱ ልትወጣ ለደረሰ ሰው የሚባለውን፣ «አፉ በለኝ» የሚለውን የይቅርታ ቃል ሊሉህ ነው። ተራ በተራ እየገቡ፣ ማዳመጫውን ከጆሮህ ላይ እያነሱ! አንዱ ድንበርህን ገፍቼ ነበር አለህ። ሌላዋ በሐሜት ሥጋህን በልቻለሁ አለችህ። አንተ ለሁሉም «አፉ ብያለሁ» እያልክ መልሰህ ታደርገዋለህ፣ ቀጣዩ መጥቶ ያነሳዋል። ስንት ዘመን የደበቁህን በደል በዚያች ሰዓት አራገፉብህ። እነሱን ቀለላቸው፣ አንተ ፊትህ አመድ መሰለ። ሲስተር ብርቄ ኧረ ተዉት፣ ይረጋጋበት ብላ ብትለምን ማን ሰምቷት! በመጨረሻ ሸምሱ ማዳመጫውን ከቴፑ ጋር ጠቅልሎ ወንበር ላይ ጣለው። ሰው ወደ ሞት ሲሄድ ሸሃዳውን ይይዛል እንጂ የሴት ወሬ አያዳምጥም አለ። ወደ ሞት! እፊትህ ላይ!

ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብለህ ወጣህ። የሆስፒታሉን ልብስ በጋቢ ሸፍነህ፣ በጋሪ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ። እነሱ ሲፈልጉህ ውለው አይሱዙው እንሴኖ ሲገባ አንተ ደጅህ ላይ ተቀምጠሃል። ከቢላዋ ተረፈ ብሎ ሸምሱ በግ አረደ፣ ዱዓ ተደረገ። አንተም አብረሃቸው ሳቅህ። እነሱን ብቻ የተቀየምኩ እንዳይመስልህ አባዬ። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ እየጠበቀህ፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ ጥለኸኝ ሄድክ። እንመለስ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ። ዘንድሮ ይለፍ አልከኝ። በርበሬው የደረሰ ጊዜ ጆንያ ስታነሳ አንጀትህ ታነቀ፣ ቡታጅራ እስክናደርስህም ነገሩ አልቆ ነበር። ለቅሶ ላይ ሁሉም የአላህ ሥራ ነው አሉኝ። የአላህን ሥራ አላህ ያውቀዋል። የሸምሱን ሥራ ግን እኔ አውቀዋለሁ።

ይህ ሁሉ ሰሞኑን የተቀሰቀሰብኝ በእማዬ ምክንያት ነው። አንገቷ ላይ ያለው እንቅርት አድጎ መዋጥ ከልክሏት ነበር። ይውጣ ሲባል፣ ኋላ ወስደንህ ሬሳህ የተመለሰውን ይዛ፣ አባትሽ ከዚያ ሆስፒታል መች በሕይወት ወጣ ብላ ድርቅ አለች። ከቀዶ ጥገናው በመሸሽህ እንደሞትክ በዚህ አገር የሚናገር የለማ! እኔ ነገርኳት። ስትስማማልኝ ለእንሴኖ ሰዎች ቀኑ ሐሙስ ነው አልኳቸው። ማክሰኞ ነበር።

ሲስተር ብርቄ አሁንም እዚያው ናት። ቴፑ ቀርቷል፣ ዛሬ ካሴት የሌለው ጣት የሚያክል ነገር ነው። ሴትዮዋ ግን ያቺው ናት፣ ውሃውም ያው። እማዬ ማዳመጫውን ከሻሿ ላይ አድርጋ ብዙ ሰማች። ከዚያ እንዳንተው ጮክ ብላ፣ «አባትሽን ያረጋጋችው ይቺ ናት?» አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁላት። «ምነው እስክትጨርስለት በተዉት!» አለች። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ እንዳለ ወሰዷት። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አልመጣባትም።

ሐሙስ አይሱዙው ሲደርስ እማዬ ቁጭ ብላ አጥሚት ትጠጣ ነበር። ሸምሱ ከሰው ለየሽን፣ አዋረድሽን ብሎ ጮኸብኝ። ግቢው ውስጥ፣ ጭኖ ባመጣው ሰው ሁሉ ፊት፣ ላንተ የጻፍኩትን በሙሉ ነገርኩት። ያን በግ ያረድከው ለወንድምህ ሞት ነው አልኩት። አጎት ነው፣ ታላቅ ነው፣ አላልኩም።  ሁሉም ወደ መኪናው ሲሄዱ እሱ ተመልሶ መጣና «ሐያት፣ አፉ በይኝ» አለኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም። አንድ ቀን እለው ይሆናል፣ አንተ ብትሆን ወዲያው ትለው ነበር። እኔ አንተን አይደለሁም።

ያን ቀን አፉ በለኝ ያላልኩህ እኔ ብቻ ነበርኩ። በደል ጠፍቶብኝ አይደለም። ከቀዶ ጥገናው ክፍል ድነህ ወጥተህ ስትነጫነጭብኝ እንደምናመሽ አውቅ ስለነበር ነው። አሁንም አልልህም።

እንደማልረሳህ ቃሌን እሰጥሃለሁ፣ የማስታውስህ ግን አይሱዙው ሳይደርስ እንደነበርከው ነው። ዓይንህ ተከድኗል፣ ትከሻህ ወርዷል፣ በርበሬው ደጅህ ላይ ተሰጥቶ ጥላ ሥር ተቀምጠሃል። ማዳመጫው ጆሮህ ላይ ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ ማንም አያነሳብህም።

ልጅህ ሐያት