«ነይ» ያላልኩበት ሳምንት

ጥር 4፣ እሑድ

ጸሎት አደረስኩ። ግቢ ጠረግሁ። ከዚያ በኋላ ቀኑ ሰፋብኝ… ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። አናጢ ነበርኩ። ባለቤቴን በቀበርኩ ማግስት ትልቋ ልጄ ከባሕር ማዶ ደውላ «ደክመሃል አባዬ፣ በቃ መጋዙን ስቀለው» አለችኝ። ሰቀልኩት። እሷ ትልካለች፣ እኔና ታናሽ ወንድሟ እንበላለን።

ዛሬም በቪዲዮ ደወለች። እንደ ሁልጊዜዋ ቆማ።

«ኮንትራቴ በዚህ ወር ያልቃል። ላድሰው ወይስ ልምጣ?»

«እግዚአብሔር እንደመራሽ አድርጊ» አልኳት።

«እሺ አባዬ።»

ጥሩ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ጥር 5

እንዴት «ነይ» አላልኩም? አንዲት ቃል… ነገ እደውላለሁ።

ጥር 6

አልደወልኩም።

ልጁ እኩለ ቀን ላይ ተነሣ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው! «እህትህ ልምጣ ትላለች» ስለው፣ «መጥታስ? ቁጭ ብላ ልታየን ነው? የመኪናውስ ነገር?» አለኝ። ታክሲ የሚሠራበት መኪና ልትገዛለት ቃል ገብታለች።

ልቆጣው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔስ እሑድ ለት ምን እያሰብኩ ነበር? በእሷ ገንዘብ ጀምሬ ያልጨረስኩትን አጥር። ሰዉ «የውጭዋ ልጅ አባት» እያለ ወንበር ሲለቅልኝ። እሱ በአፉ ያለውን እኔ በሆዴ ብዬዋለሁ። እንዲያውም እሱ ይሻላል፤ እግዚአብሔርን አልጠራም።

ጥር 8

እዚያ ከልጄ ጋር የምትሠራ ሴት ለዕረፍት መጥታ፣ ልጄ የላከችልኝን ጫማ አደረሰችልኝ። ሻይ አፈላሁላት።

«ልጅዎ ጎበዝ ናት አባባ።» የምትጠብቀው ከአልጋ የማይወርድ ሽማግሌ ነው አለች። ታነሣዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ታጥበዋለች። «ወገቧ ግን…» ብላ አቋረጠች።

ለመንኳት።

«እንዳይነግሩብኝ። በቀበቶ ጠፍራ አስራው ነው የምትውለው። አንዴ ከተቀመጠች መነሣት ያቅታታል።»

ለካ ለዚያ ነው ቆማ የምታወራኝ! እኔ ደግሞ ለሥራ ቸኩላ ይመስለኝ ነበር።

ጫማው ልኬ ነው። አላደረግሁትም። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ወገቤም ክንዴም ደህና። ልጄ የሰው አባት ተሸክማ ትውላለች፣ የራሷ አባት ተቀምጦ ጫማ ይጠብቃል።

ጥር 9

መጸለይ አቃተኝ። «ልጄን ጠብቅልኝ» ልል ጀምሬ ተውኩት። እኔ አትምጪ ማለት ፈልጌ፣ ኃላፊነቱን በእግዚአብሔር ላይ ጣልኩ። ይህ ስሙን በከንቱ መጥራት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ጥር 10

የሥራ ክፍሌን ከፈትኩ። መላጊያው ዝጓል። ስስለው ልጁ መጥቶ በር ላይ ተገተረ።

«አባዬ ምን ነካህ? ሰው እኮ ‹ልጁ ጣለችው› ይላል።»

«ይበል! ና፣ ያንን ጫፍ ያዝ።»

«እኔ?»

«አይ፣ ጣውላው ራሱን ይያዝ።»

እያጉረመረመ ያዘ። አመሻሹ ላይ መዳፉ ውኃ ቋጥሮ አሳየኝ፤ እንደ ሕፃን። ሳቄ መጣ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም… ማን አስተማረው?

ጥር 11፣ እሑድ

እስክትደውል አልጠበቅሁም። ራሴ ደወልኩ። ደነገጠች።

«ምነው? ማን ታመመ?»

«ማንም። ነይ ልጄ። ኮንትራቱን አታድሺው።»

«አባዬ… ማክሰኞ ፈርሜያለሁ። ሁለት ዓመት።»

«ምን አስቸኮለሽ?»

«አልቸኮልኩም። ደውለህ ‹ነይ› ትለኝ እንደሆነ ብዬ ሁለት ቀን ጠብቄሃለሁ።»

ሥራ መጀመሬን ነገርኳት። «ከእንግዲህ አትላኪልን፤ ታከሚበት» አልኳት።

«ምኔን?»

አፌን ያዝኩ። ለሴትዮዋ ቃል ሰጥቻለሁ። ከዚያ ግን ሌላው ወጣኝ።

«በእግዚአብሔር ያመካኘሁት እኔ ነኝ ልጄ። እንድትመጪ አልፈለግሁም ነበር። ይቅር በይኝ።»

ከወዲያ ሽማግሌው ሲጣራ ሰማሁ፤ በቋንቋው መለሰችለት። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ፦

«ምሳ በላህ?» አለችኝ።

እስከ ዛሬ ሲርበኝም ስጠግብም «በልቻለሁ፣ አታስቢ» ነበር መልሴ።

«አልበላሁም» አልኳት።