በአፎት ውስጥ የቀረ ውሃ

ውድ እህቴ ፋርዳው፣

አድራሻሽን ያገኘሁት እማማ ከሞተች በኋላ የስፌት ዕቃዋን ከምታስቀምጥበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ከኖርዌይ የላክሻቸው ካርዶች ሁሉ እዚያ ነበሩ፤ በየዓመቱ አንድ፣ ከጀርባው «ደህና ነኝ» ብቻ የተጻፈበት። አድራሻሽን ይዤ ስድስት ዓመት ቁጭ ብያለሁ። ዛሬ የምጽፍልሽ ድፍረት አግኝቼ አይደለም። ባለፈው ጥር ልጄን መታኋት። አፏን ነው የመታኋት፤ የፊት ጥርሷ ተሰበረ።

ግን ያንቺን ሳልናገር የእሷን ብናገር ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ካንቺ ልጀምር።

የአባባን ሕግ ታስታውሻለሽ። ከበረዶው ስትወጡ የመንሸራተቻ ጫማችሁን ብረት አፎት ሳታለብሱ አንድ እርምጃ እንዳትራመዱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የሳምንት ሞረድ ታበላሻለች። ቤት ስትደርሱ አፎቱን አውልቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ብረት ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባ ያልበዋልና ቆይታችሁ እንደገና ጥረጉ። ዘይት በስሱ ቀቡ። ከዚያ የጨርቅ ከረጢቱን አልብሳችሁ ስቀሉ። «አፎት ለመራመጃ ነው» ይል ነበር ያን ወፍራም ጣቱን እያወዛወዘ፤ «ላብ ያለበትን ብረት አፎት ውስጥ የሚተው ሰው በቁሙ ቀበረው።» ዊርሱም መንደር ሙሉ መንሸራተቻውን የሚያስለው እሱ ዘንድ ነበር። ጎረቤታችን ፖፕኬ ዝገት የበላው ብረት ይዞ ሲመጣ «ይሄ ምንድነው ፖፕኬ? ከአያትህ መቃብር ቆፍረህ ነው ያወጣኸው?» ይለዋል። ፖፕኬም «ካልሳልክልኝ ሚስቴ አይብ ትቆርጥበታለች» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እኛም እንስቃለን። እኛ ላይ ሲሆን ግን ቀልድ የለም። ለአንድ የውሃ ጠብታ ጥፊ፣ ለአንድ የዝገት ነጥብ ቀበቶ።

ያን ዓመት ሐይቁ ገና በታኅሣሥ በረዶ ሆኖ ረግቶ ነበር። አንቺ አሥራ ሰባት፣ እኔ አሥራ አራት። ቅዳሜ የሴቶች የአጭር ርቀት የበረዶ ላይ ሽርተቴ ውድድር ነበረሽ፤ ከሦስት መንደር ሰው ሊያይሽ ይመጣል ተብሏል። እኔ የፋርዳው እህት ነበርኩ። ስሜን የሚያውቅ አልነበረም፤ «አንቺ የፋርዳው እህት፣ ወዲህ ነይ» ነበር የሚሉኝ።

ሐሙስ ከሰዓት መንሸራተቻሽን ሰረቅኩ። ሁለት ካልሲ ደርቤ እግሬን አስገባሁና ከእርሻው ጀርባ ባለው ቦይ ላይ ከልጆቹ ጋር ስንሸራተት ቆየሁ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ በረዶው ቀጭን ስለነበረ ሁለቴ ወጥቼ በጠጠሩ ላይ ተራመድኩ። አፎቱን ለማልበስ ሰነፍኩ። ቤት ስደርስ የአባባን ብስክሌት ድምፅ ሰማሁ። ብረቶቹን ከነውሃቸው አፎታቸው ውስጥ ሰገሰግኩና ምስማሩ ላይ ሰቀልኳቸው።

ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ «ከዚያ ረሳኋቸው» እል ነበር። አልረሳሁም፣ ፋርዳው። አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምስማሩ ላይ አየኋቸው። ጨርቁም ዘይቱም እዚያው ነበሩ። አልፌ ሄድኩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዴ እንኳ እንድትሸነፊ ፈለግኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ የመጨረሻውን ሞረድ ሊያሳርፍባቸው አወረዳቸው። አፎቱን ሲመዘው ቡናማ ውሃ በመሳያው ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ። ብረቱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘው። ጠርዙ ተሸራርፏል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝገት ወሮታል። ድምፁን አላነሳም፤ አባባ ሲብስበት ድምፁ ይወርድ ነበር።

«ከሁለታችሁ ይሄን ያደረገችው ማን ናት?» አለ።

ያኔ አየሽኝ። እኔ ጫማዬን ነበር የማየው። ለማወቅ ያን ያህል በቃሽ።

«እኔ ነኝ» አልሽ። «ሐሙስ ደክሞኝ ሳልጠርግ ሰቀልኳቸው።»

«አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ። ሳላቸውና ልሂድ፣ ሰዓቱ እየደረሰ ነው።»

ብረቱ የተገጠመበትን ጫማ በማሰሪያው ይዞ አወዛወዘው። በቀበቶ የሚመታ ነበር የመሰለኝ፤ በጫማው ነው የመታሽ። የመጀመሪያው ትከሻሽን አገኘው። በሁለተኛው ፊትሽን ልትከልዪ ግራ እጅሽን አነሳሽ፣ ብረቱም በመዳፍሽ ላይ አለፈ። የዛገ ስለት ምን ያህል እንደሚቆርጥ ያን ቀን ነው ያየሁት። ደምሽ የመስኮቱን መስታወት መታው። ሁለቱ ጣቶችሽ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል ተንጠለጠሉ። እማማ በር ላይ ቆማ አባባን «ዱርክ፣ በቃ! ዱርክ፣ በቃ!» ትላለች እንጂ አንድ እርምጃ አልገባችም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሳው በደህናው እጅሽ መዶሻውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተሽ ትከሻው ላይ አሳረፍሽው። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። መሬት ላይ ተንበረከከ። አንቺም በላዩ ቆመሽ፣ መዶሻውን ይዘሽ፣ «ሌላም አለ፣ ተነስ!» አልሽው።

አልተነሳም።

ሆስፒታል ሐኪሙ ማን እንዳደረገው ጠየቀ። «በረዶ ላይ ወድቃ ሰው በመንሸራተቻ ሄደባት» አለች እማማ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «እንደዚያ ነው?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። አንቺ አልጋው ላይ ሆነሽ ታዪኝ ነበር፤ ያ አስተያየትሽ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አባባ ደግሞ ከመሰላል ወደቅኩ አለ። መንደሩም ሁለቱን ውሸት ተቀብሎ ዋጠው። በሚያዝያ አንድ ሻንጣ ይዘሽ ሄድሽ። ስትወጪ ስሜን ጠርተሽ «በደንብ ጥረጊ፣ ዊትስኬ» አልሽኝ። ይህን ብቻ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አታውቂም። በሚቀጥለው ዓመት ያንቺን ውድድር እኔ አሸነፍኩ፤ የዚያ ተከታዩንም። አባባ በጠመመ ትከሻው ብረቴን እየሳለ «አንቺ ግን ብረትሽን ታከብሪያለሽ። እንደዚያች አይደለሽም» ይለኝ ነበር። እኔም ብረቱን ተቀብዬ ወደ በረዶው እሄድ ነበር። ሰው ዋንጫዬን ሲያደንቅ እስቃለሁ፣ ቤት ስገባ ያስመልሰኛል። ኋላ ማስመለሱም ቀረ። ለመድኩት።

አገባሁ። ባለቤቴ ሜሌ ይባላል፤ በግ ያረባል፣ ጭምት ሰው ነው። ኒንኬ የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አለችን። ዛሬ ቦዩ አይረጋም፤ ከተማ ባለው የበረዶ አዳራሽ ውስጥ ነው ልጆቹ የሚንሸራተቱት። የክለቡን ልጆች የማሠለጥነው እኔ ነበርኩ፣ የአባባን ሕግ ቃል በቃል እያስተማርኩ።

ያን የጥር ቀን ከልምምድ በተመለስን በማግሥቱ የኒንኬን ቦርሳ ከፈትኩ። መንሸራተቻዋ አፎቱን እንደለበሰ ነው። ስመዘው ያ ቡናማ ውሃ በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተንጠባጠበ። ኒንኬ ዳቦ እየበላች ነበር። «ውይ እማ፣ ረሳሁት» አለች፤ በሞላ አፏ፣ እየሳቀች። የፕላስቲኩ አፎት በእጄ ነበር። ሲያርፍባት እንጂ ሳነሳው አላውቅም። ከዚያ ደግሜ አነሳሁት፤ ይህኛውን አውቄ ነው ያነሳሁት። ከጠረጴዛው ስር ገባች። እግሯን ይዤ ልጎትታት ስል ሜሌ ከኋላ አቅፎ ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳር እጁን አጠንክሮ አሳርፎብኝ አያውቅም።

«ኒንኬ፣ ኮትሽን ልበሺ» አለ እንደያዘኝ። «አያትሽ ጋ፣ እናቴ ቤት እንሄዳለን።»

«ሜሌ፣ እኔ...»

«አንቺ እዚህ ትቆያለሽ። ወለሉን ጥረጊ።»

ወለሉ ላይ ውሃውና ደሙ ተቀላቅለው ነበር፣ የጥርሷ ስባሪም። ጠረግኩት።

በማግሥቱ ጠዋት አባባ ጋ ሄድኩ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ያው መሳያ ቤት፣ ያው ጠረጴዛ። የአንድ ልጅ መንሸራተቻ ገልብጦ አስሮ በሞረድ ይስል ነበር። ቁጭ በይ አላለኝም።

«አባባ፣ ያን ጊዜ የፋርዳውን ብረት ያዛግኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ሞረዱን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ።

«ምን?»

«አንቺ ግራ እግርሽን ትጎትቻለሽ፤ እሷ አትጎትትም። ብረቱን ብርሃን ላይ እንዳየሁት ማን እንደተንሸራተተበት አወቅኩ። እስከዚያ ቀን ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ብረት አይቼ ይሄን አላውቅም?»

«ታዲያ ለምን መታሃት?»

ያኔ ቀና አለ። «ፊቴ ቆማ ዋሸችኝ» አለ። «ደግሞም አልፈራችኝም። አንቺ ትፈሪ ነበር። እሷ ሳላቸውና ልሂድ አለችኝ እኮ፣ በገዛ ቤቴ!»

ጠረጴዛውን ገለበጥኩት። ሞረዱ፣ ዘይቱ፣ ብረቱ፣ ሁሉም በላዩ ላይ ፈሰሰ። ኮሌታውን ይዤ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። መነጽሩ ወድቆ በጫማዬ ስር ተፈረካከሰ። ልክ እንደ አቧራ ከረጢት ቀላል ነበር፤ አንገቱ በጣቴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። «ዊትስኬ... ዊትስኬ...» ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ነው ያስፈራኝ። የኒንኬን እግር ስጎትት የነበረው ያው ስሜት ነው። ለቀቅኩት። ወለሉ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን በዳበሳ ሲፈልግ ትቼው ወጣሁ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ አሁንም አልጠይቀውም። ግን እጄን ሁለተኛ በማንም ላይ እንዳላነሳ ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ለራሴ ማልኩ፤ መሐላ ብቻውን እንደማይበቃም ስለማውቅ በየሳምንቱ ረቡዕ ከተማ እየሄድኩ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ቁጭ ብዬ አወራለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጊዜያት አለቀስኩ እንጂ አላወራሁም።

ሜሌና ኒንኬ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሱ። ኒንኬ በር ላይ ቆማ «እማ፣ ብትቆጪ ምንም አይደለም፣ ግን እጅሽን ኪስሽ ውስጥ አድርገሽ ተቆጪ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ጥርሷን አሠርተንላታል። ትስቃለች፤ እኔ ስገባ ግን እስካሁን አንዴ እጄን ታያለች።

በየካቲት ክለቡ አባባን ሊያከብር ጠራን። ስልሳ ዓመት የመንደሩን ብረት ስሎ ኖሯልና። የፊተኛውን ማን እንደሰበረበት ለማንም ሳይናገር፣ አዲስ መነጽር አድርጎ ከፊት ተቀምጧል። ሴት ልጁ ትናገር ተባለና ተነሳሁ። «እህቴ ፋርዳው በረዶ ላይ አልወደቀችም» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምስማሩን፣ ውሃውን፣ የመዳፍሽን ነገር፣ ሆስፒታል ራሴን መነቅነቄን፣ የልጄንም ጥርስ። አክስት ባውኬ «በሽማግሌ ፊት! አፈሪ እንጂ!» ብላ ጮኸች። ፖፕኬ ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፎታል፤ በከዘራው ተደግፎ ተነሳና «ባውኬ፣ ዝም በይ» አላት። «መስኮቱን በማግሥቱ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከመሰላል የወደቀ ሰው መስታወት ላይ ደም አይረጭም። አንድም ቃል ሳልናገር ነው የኖርኩት።» ከዚያ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ለአባባ ሜዳሊያውን ያጠለቀለት አልነበረም፤ ከነሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ዋንጫዎቼን በማግሥቱ ለክለቡ መለስኩ፤ ማሠልጠኑንም ተውኩ።

ፋርዳው፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ይቅር እንድትይኝ አይደለም። ጣቶችሽ ዳግም እንደማይታጠፉ ሐኪሙ ለእማማ ሲነግራት ሰምቻለሁ። እኔ ዝም ያልኩባቸው ዓመታት አይመለሱልሽም። ብቻ እዚህ መንደር ውስጥ ስለ አንቺ የተነገረው ውሸት ዛሬ እንደሌለ እንድታውቂ ፈለግኩ፤ ቢዘገይም ከእኔ አፍ እንድትሰሚው።

በመጋቢት ሁለተኛው ሳምንት ከተማሽ እመጣለሁ። ከመርከብ ማረፊያው ፊት ለፊት የእንግዳ ማረፊያ ይዣለሁ። አርብና ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ከታች ባለው ምግብ ቤት በመስኮቱ በኩል እቀመጣለሁ። ኒንኬ ልምጣ ብላ ነበር፤ መጀመሪያ የምትናገሪኝን ብቻዬን ልስማ ብዬ ከለከልኳት። ፀጉሬ ሸብቷል፤ አረንጓዴ ኮት እለብሳለሁ። ስድብም ቢሆን እሰማሻለሁ፤ ዝም ብለሽ ብትቀመጪም ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ካልመጣሽም ሁለተኛ አልጽፍልሽም፣ በርሽንም አላንኳኳም።

መርከቤ እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ይነሳል።

እህትሽ
ዊትስኬ